ከማርያም ሥዕል ጎን የተሰቀለው ዓይን

ሌሎቹ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ መክተብ ስለሚጽፉላችሁ እኔ ዛሬ ስለ ግድግዳ ልጽፍ ነው። «ደግሞ ስለ ግድግዳ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉኝ። የእሁድ ቤታችን ግድግዳ ዕቁባችንን ሊበትነው ትንሽ ነው የቀረው። የሰማችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁት ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዶራ አጠገብ በጋራ የተከራየናት አንድ መኝታ ክፍልና አንድ ሳሎን ያላት ቤት አለችን። ስድስታችን ፍሪላንስ ስለምንሠራ እዚያው እናድራለን። የቀሩት ከማዳም ቤት እሁድ እሁድ ፈቃድ ሲያገኙ ይመጣሉ። ቡና ይፈላል፣ ፀጉር ይሠራል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ የከፋት አልቅሳ ይወጣላታል። ከመካከላችን ኦርቶዶክስ አለን፣ ጴንጤ አለን፣ ሙስሊም አለን። እስከ ባለፈው ወር ድረስ በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም።

ባለፈው ወር አንዷ እህታችን ማዳሟ የሰጠቻትን የቤት ጌጥ ይዛ መጣች። የእጅ መዳፍ ቅርጽ ያለው ነው፤ መሃሉ ላይ ሰማያዊ ዓይን አለ፤ ከሥሩ በዐረብኛ «ማሻአላህ» ተጽፎበታል። ልጅቷ ማተብ ያሰረች ኦርቶዶክስ ናት። ያምራል ብላ ከማርያም ሥዕል ጎን ሰቀለችው። በሳምንቱ ሌላዋ እህታችን፣ እሷም ኦርቶዶክስ፣ አየችው። «ይሄ ጨሌ ነው፤ ደግሞም የእስላም ነው፤ ከእመቤታችን ጎን አይሰቀልም» አለችና አውርዳ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ትንሽ ቆይታ የቡና አተላ ልትደፋ ወደ ወጥ ቤት የገባችው ሙስሊሟ ታላቅ እህታችን፣ የዕቁባችን ሰብሳቢ፣ የአላህ ስም ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ተጥሎ አገኘችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። አወጣችው፣ አጠበችው፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የዕቁቡን ደብተርና ገንዘብ ለተረኛዋ ቆጥራ አስረከበችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሦስት እሁድ አለፈ፤ አልመጣችም።

አሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ወገን «ቤቱን በብዛት የምንከፍለው ክርስቲያኖች ስለሆንን ከመስቀልና ከቅዱሳን ሥዕል ሌላ ምንም አይሰቀል» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ጠብ ከሚመጣ ግድግዳው ባዶውን ይቅር» ይላል። በሚመጣው እሁድ እንነጋገርበታለን ተብሏል። ከዚያ በፊት እኔም የሚሰማኝን ልጻፍ ብዬ ነው።

ስለ ራሴ ልጀምር። ቤሩት ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ቤት አሽረፊዬ ነበር። ማዳሜ ክርስቲያን ናት፤ ማሮናይት። በመኝታ ቤቷ የቅዱስ ሻርቤል ሥዕል፣ በመተላለፊያው የሐሪሳዋ ማርያም ሥዕል ነበር። ስገባ ይህን አይቼ «እሰይ፣ ከሰው ቤት ገባሁ» ብዬ ልቤ አረፈ። ሳሎን ስገባ ግን ጠረጴዛው ላይ ዓይኑን የጨፈነ ትልቅ የድንጋይ ጭንቅላት ተቀምጧል። ሰውነት የለውም፤ ጭንቅላት ብቻ። በምልክት «ይሄ ማነው?» አልኳት። ማዳም ፈገግ ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ቡዳ!»

እናንተዬ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ቡዳ እኛ ሀገር ምን እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም። ሰው በዓይኑ የሚበላውን በስሙ ጠርታ ሳሎኗ ውስጥ አስቀምጣዋለች ማለት ነው! ለእናቴ ስደውል ነገርኳት። እሷም አልሳቀችም። «ልጄ፣ እህል ስትቀምሺ ተሸፈኚ» አለችኝ። አንድ ወር ሙሉ ያንን ጭንቅላት ፊቴን አዙሬ፣ በስመ አብ እያልኩ ነው አቧራውን የጠረግሁት። ምሳዬንም ወጥ ቤት በር ዘግቼ ነበር የምበላው።

ነገሩን የፈታችልኝ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትሠራ የሲሪላንካ ልጅ ናት። ቆሻሻ ስናወርድ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ዐረብኛዬ ትንሽ ሲፈታ ስለዚያ ጭንቅላት ነገርኳት። መጀመሪያ በሣቅ ሞተች። ቀጥላ ግን ፊቷ ተለወጠ። ቡድሃ የሃይማኖቷ መምህር መሆኑን፣ ሲዳርታ የሚባል የመሳፍንት ልጅ እንደነበር፣ ከኢየሱስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት እንደኖረ አስረዳችኝ። በሀገሯ ምስሉ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥም። ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ፎቶ አይነሳም። በኋላ እንደሰማሁት በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሪላንካ አንዲት የእንግሊዝ ቱሪስት ክንዷ ላይ ቡድሃን ተነቅሳለች ብላ ከሀገር አስወጥታለች። ታይላንድም ባንኮክ ውስጥ ቡድሃ የቤት ማስጌጫ አይደለም የሚል ማስታወቂያ በትልቁ ተሰቅሎ ይታያል።

ያቺ ልጅ የነገረችኝ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ በምትሠራበት ቤትም ቡድሃ አለ፤ የተቀመጠው ግን መታጠቢያ ቤት ነው፤ ከፎጣው ጎን፣ ከመጸዳጃው ፊት ለፊት። «በየቀኑ እሱን ሳጸዳ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለችኝ።

እስቲ ሦስታችንን አስቡን። እኔ ያንን ምስል እፈራዋለሁ። እሷ ታከብረዋለች። ማዳሞቻችን ግን አይፈሩትም፣ አያከብሩትም። ሱቅ አይተውት ከሶፋው ቀለም ጋር ስለሄደ ገዙት። ከሦስታችን የእኔ ፍርሃት ሞኝነት ነበር፤ ግን ቢያንስ ዕቃው የአንድ ሰው መሆኑን ገምቼ ነበር። ማዳሞቹ የማንም አላደረጉትም። አንድ ሰው የማርያምን ሥዕል ገዝቶ የመጸዳጃ ቤት በር ላይ ቢሰቅል እኛ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ።

የዚህችው ማዳም ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን አንገቴ ላይ ያለውን ጥቁር ክር አየችና ደነገጠች። «ይሄ ምንድን ነው? ሲህር ነው?» አለችኝ። ጥንቆላ ነው ወይ ማለቷ ነው። ማተቤን ከልብሴ ውስጥ ስቤ ጫፉ ላይ ያለችውን መስቀል አሳየኋት። «አንቺም ክርስቲያን ነሽ?» አለችና አፈረች። ስምንት ወር አብረን ኖረናል! የሩቅ ሀገር መምህር ምስል ሳሎኗ ውስጥ ሲቀመጥ ጌጥ ነው፤ የአንድ ክርስትና ልጅ የሆነችው የእኔ ክር ግን ጥንቆላ መሰላት። በዚያ ቀን የተማርኩት፣ ሰው የማያውቀውን ምልክት ሲያይ ወይ ይፈራዋል ወይ ይጫወትበታል። ስለዚህ ከመስቀልም ከመጣልም በፊት ማወቅ ይቀድማል።

እንግዲህ ያንን የተጣለውን ዕቃ እንወቀው። ሰማያዊው ዓይን ከክርስትናም ከእስልምናም በፊት የነበረ የዚህ አካባቢ ልማድ ነው። ቱርክ ውስጥ በኢዝሚር አካባቢ የመስታወት ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይሠሩታል። ሙስሊሙም፣ አይሁዱም፣ ክርስቲያኑም ይሰቅለዋል። ግሪኮች እንደ እኛ ኦርቶዶክስ ይባላሉ፤ በየቤታቸው ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ጸሎት አላት እንጂ ዓይኑን ስቀሉት አትልም። እጁ ደግሞ በዐረብኛ «ኸምሳ» ይባላል፤ አምስት ማለት ነው፤ ለአምስቱ ጣቶች። ሙስሊሞች የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ የፋጢማ እጅ ይሉታል። አይሁዶችም በየቤታቸው አላቸው። አንዳንድ የዚህ አካባቢ ክርስቲያኖች የማርያም እጅ ይሉታል። «ማሻአላህ» ደግሞ እግዚአብሔር የወደደው ሆነ ማለት ነው። የሊባኖስ ክርስቲያኖች እግዚአብሔርን የሚጠሩት አላህ ብለው ነው፤ በቅዳሴያቸውም እንዲሁ ነው። ማዳሞቻችን ሕፃን ሲያዩ ሁሉም «ማሻአላህ» ይላሉ፤ ሃይማኖታቸው አይለያያቸውም።

ስለዚህ «የእስላም ነው» ብላ የጣለችው እህታችን ተሳስታለች። ይህን ያረጋገጠችልኝ ደግሞ ራሷ ሙስሊሟ እህታችን ናት። ሄጄ ጠየቅኋት። ሻይ አፍልታ፣ ዕቃውን ከሣጥኗ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «እኛም ጋ ሼኾቹ ይሄን አይወዱትም» አለችኝ። «ጠባቂው አላህ ነው፤ ዕቃ አይጠብቅም ይላሉ። እጁ የእኔ አይደለም፣ ዓይኑም የእኔ አይደለም። ስሙ ግን የጌታዬ ነው። እኔን ያመመኝ ስሙን ከልጣጭ ጋር ማየቴ ነው።»

አያችሁ? አንዷ ለጌጥ ሰቀለችው፤ አንዷ ጣዖት ነው ብላ ጣለችው፤ ሁለቱም የተጻፈውን አላነበቡም።

«ጨሌ ነው» ያለችውስ? እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እሷ እንዲህ ያለችው ከጥላቻ አይደለም፤ ከምታውቀው ተነሥታ ነው። እኔም አውቀዋለሁ። አያቴ በየወሩ ማርያምን የምትዘክር፣ ጾም የማታፈርስ ሴት ነበረች። ጓዳ ውስጥ ግን በሙዳይ የተቀመጠ ጨሌ ነበራት። ዓመት በዓል ሲሆን ቅቤ ትቀባዋለች፤ ቡና ሲፈላ የመጀመሪያው ለእሱ ይረጫል። እኛ ልጆች እንዳንነካው ነበር የሚነገረን። አያቴ ስታርፍ እናቴ ንስሐ አባቷን አማክራ ጨሌውን ወንዝ ጣለችው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ልጅ በታመመ ቁጥር ሰፈሩ «ጨሌውን ስለጣለች ነው» ይላት ነበር። እናቴ ለብዙ ዓመት በዚህ ተሰቃይታለች። ስለዚህ ሰማያዊ ዶቃ ሲያዩ ደማቸው የሚፈላውን እህቶቻችንን ኋላ ቀር ናችሁ ብዬ አልስቅባቸውም። ከዚያ ፍርሃት ለመውጣት ዋጋ ከፍለዋል።

ደግሞ «ምልክት ምንም አይደለም፣ ጌጥ ብቻ ነው» የሚሉትም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። ከታሪካችን አንድ ልጥቀስ። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ላይ ክብና ጨረቃ ይቀረጽ ነበር። እስልምና ገና አልመጣም፤ የቀድሞው እምነታቸው ምልክት ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን አንሥቶ መስቀል አስቀረጸ። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ዳቦ የሚገዛበት። ግን ማንን እንደሚያምን የሚናገርበት ቦታ ስለሆነ ለወጠው። ምልክት ይናገራል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ጋር የሚጋራው ብዙ ምልክት አለው። ባለ ስድስት ጫፉን ኮከብ በስንት ቤተ ክርስቲያን መስኮትና በር ላይ አይተነዋል፤ እዚህ የሚያየው ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስበው አይሁድን ነው። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል በግብፅ ገዳማትም፣ በብዙ መስጊዶችም ተሰቅሎ ይታያል። ማንም ከማንም ሰረቀ አልልም። ለማለት የፈለግሁት ምልክት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ዋናው የያዘው ሰው ምን ብሎ እንደያዘው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ለምናነበው እህቶቼ አንድ ነገር ላስታውስ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 8 እና 10፣ ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ተጠይቆ መልስ ይሰጣል። ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ተብሎ በተለየበት ሀገር አድገን፣ እዚህ መጥተን ማዳም ሥጋ ስታቀርብልን ምን ያህል እንደተጨነቅን እናውቀዋለን። የጳውሎስ መልስ በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው። ጣዖት በራሱ ምንም አይደለም፤ ስለዚህ ዕቃውን አትፍሩ። ነገር ግን ይህን ዕውቀት የሌለው ወንድምህ ባንተ ድርጊት ልቡ የሚቆስል ከሆነ ስለ እሱ ብለህ ተው። ማለትም ልኩ ዕቃው ላይ አይደለም፤ አብሮህ ያለው ሰው ላይ ነው።

እኔ ይህን ይዤ ነው የምፈርደው። ለሰቀለችውም ለጣለችውም እህቴ የምለው አንድ ነው፤ ሁለታችሁም ዕቃውን አያችሁ፣ አብራችሁ የምትኖረውን ሰው ግን አላያችሁም።

ታዲያ አንዲት ክርስቲያን የሌላ እምነት ምልክት ቤቷ ልታስቀምጥ ትችላለች ወይስ አትችልም? እኔን ብትጠይቁኝ ሦስት ጥያቄ ራሷን ትጠይቅ እላለሁ።

የመጀመሪያው፣ «ለምን ሰቀልኩት?» የሚለው ነው። ይጠብቀኛል ብላ ከሆነ ክርስቲያን ነኝ ያለች ሴት ታውርደው። ማተብ አስሮ በሰማያዊ ዓይን መታመን የአያቴን ሙዳይ በሌላ ቀለም መመለስ ነው። እኔ ዓይኑን ቤቴ አልሰቅልም፤ ምክንያቴም ይሄ ነው፤ ልጄ ሀገር ቤት ስትታመም ቀና ብዬ እሱን እንደማይ ራሴን አውቀዋለሁ። የወዳጅ ማስታወሻ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ የሲሪላንካ ልጅ ወደ ሀገሯ ስትመለስ ከጨርቅ የሰፋችውን የሎተስ አበባ ሰጥታኛለች። አበባው በእሷ እምነት ትልቅ ትርጉም አለው። ሣጥኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ሳየው እሷን ነው የማስበው።

ሁለተኛው፣ «የማን ነው?» የሚለው ነው። ለሌላ ሰው ቅዱስ የሆነ ነገር ለእኔ ጌጥ ሊሆን አይገባውም። ቡድሃን ሳሎን ውስጥ እንዳላስቀምጥ የሚከለክለኝ ቡዳ መስሎ ስላስፈራኝ አይደለም፤ ደረጃ ላይ ያለቀሰችው ልጅ ስለምትታየኝ ነው። ዛሬ ዶራና ቡርጅ ሃሙድ ያሉ ርካሽ ሱቆች ውስጥ በጥቂት ብር ይሸጣል። ለሀገር ቤት በካርቶን የምትልኩ እህቶች «ያምራል» ብላችሁ ስትገዙ የቁርዓን ጽሑፍም ሆነ የሌላ እምነት ምስል መሆኑን ጠይቁ። ዐረብኛ ማንበብ ካልቻላችሁ የምታነብ እህት አለችን። እናታችሁ የማታውቀውን ነገር ግድግዳዋ ላይ ሰቅላ ከጎረቤት ጋር እንዳትጋጭ።

ሦስተኛው፣ «አብራኝ የምትኖረው ምን ትላለች?» የሚለው ነው። የራሴ አልጋ ራስጌ የራሴ ነው። የጋራ ግድግዳ ግን የጋራ ነው። ስሰቅልም ሳወርድም መጠየቅ አለብኝ።

በዚሁ አጋጣሚ የእኛን ምልክት ማዳም ቤት ስለመያዝ አንድ ምክር ልጨምር፤ ቀልድ ስላልሆነ ነው። እኔን ማዳሜ በጥያቄ ለቃኛለች፤ ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። በተለይ ሳውዲ ውስጥ በጥንቆላ ተከሰው የታሰሩ የቤት ሠራተኞች አሉ። የክርስቲያን ምልክትም እዚያ በአደባባይ አይታይም። ስለዚህ ክታብ፣ የታሰረ ክር፣ በላስቲክ የተቋጠረ እምነት ወይም ሥራሥር ፍራሽ ሥር ደብቃችሁ አታስቀምጡ። ተደብቆ ሲገኝ ነው የሚያስጠረጥረው። ከተቻለ ቀድማችሁ ምን እንደሆነ አስረዱ፤ የማያስረዱት ቤት ከሆነ ባታስገቡት ይሻላል። ጠበል ለራሳችሁ ጠጡ፤ «ልቧ እንዲራራ» ብላችሁ በማዳም ምግብ ወይም ሻይ ውስጥ ጠብ እንዳታደርጉ። እናንተ በረከት ብላችሁ ነው፤ እሷ ግን መርዝ ወይም ሲህር ናት የምትለው፤ ፖሊስም የሚሰማው እሷን ነው። ጸሎት ደግሞ ዕቃ አይፈልግም፤ ልብ ውስጥ ያለውን ማንም ፈትሾ አያወጣውም።

የማዳምን ዕቃ ስለማጽዳትም የሚጨነቁ አሉ። አቧራ መጥረግ ስግደት አይደለም። የማንም እምነት ዕቃ ቢሆን በጥንቃቄ ጥረጉት፣ ወደ ቦታው መልሱት። ባለቤቱ ባያከብረው እንኳ እናንተ አክብሩት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። «ከመስቀልና ከሥዕል ሌላ አይሰቀል» የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ምክንያቴን ስሙኝ። ሙስሊሟ እህታችንን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን አንድ ነገር ሰማሁ። እህቶቼ፣ ይህቺ ሴት ለሁለት ዓመት እሁድ እሁድ ስትሰግድ የኖረችው ወጥ ቤት ውስጥ፣ በምድጃውና በፍሪጁ መካከል ነው። እኛ ሰፊ ቦታ ስላለ መስሎን ነበር። ለካ የማርያም ሥዕል ያለው በደቡቡ ግድግዳ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከዚህ ወደ መካ ሲዞሩ ፊታቸው ወደ ደቡብ ነው። ሥዕል ፊት ለፊት ቆሞ መስገድ በእነሱ ዘንድ አይሆንም። «ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት። «እናንተ ስትጸልዩ አያለሁ፤ እመቤታችሁን አንሱልኝ ማለት ከብዶኝ ነው» አለችኝ። እሷ እንዲህ ስታስብልን እኛ የጌታዋን ስም ከልጣጭ ጋር ጣልን።

«ግድግዳው ባዶውን ይቅር» የሚለውንም አልደግፍም። ከማዳም ቤት ሳምንቱን ሙሉ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ሳታይ የምትመጣ ልጅ አለች። ማተቧን ደብቃ፣ ስሟ ተለውጦ፣ ያልመረጠችውን ልብስ ለብሳ ነው የምትከርመው። እሁድ ቀና ስትል የእመቤቷን ሥዕል ብታይ ምን አለበት? ባዶ ግድግዳ ሰላም አይደለም፤ ማዳም ቤትም የእኛ ግድግዳ ባዶ ነው።

የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። የማርያም ሥዕል ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ይዛወር። እኛ ኦርቶዶክሶች ስንጸልይ ወደ ምሥራቅ አይደለም እንዴ የምንዞረው? እስካሁን በተሳሳተ ግድግዳ ላይ ነበር የሰቀልናት! የደቡቡ ግድግዳ ለሚሰግዱት ንጹሕ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሥሩም ምንጣፍ ይነጠፍበት። ሥዕል የማይስማማቸው ጴንጤ እህቶቻችንም ዝም ብለው ችለውናል፤ እነሱም ምን እንደሚፈልጉ በዚህ አጋጣሚ ይጠየቁ። በበሩ በኩል ባለው ግድግዳ የጋራችን የሆነው ይሰቀል፤ የሀገር ቤት የቀን መቁጠሪያ፣ የዕቁብ ተራ፣ ችግር ሲያጋጥም የሚደወልበት ስልክ። ሌላ አዲስ ነገር መስቀል የፈለገች ቡና ላይ ታሳየን፤ ምን እንደሆነ ታስረዳን፤ ከዚያ እንወስን። የተሰቀለውንም ማንም ብቻዋን አታውርድ።

የጣለችውን እህታችንን አነጋግሬአታለሁ። ስለ ስሙ ስነግራት አለቀሰች። «እኔ ጨሌ ነው ያየሁት፤ የእግዚአብሔር ስም እንዳለበት አላወቅሁም» አለችኝ። ይቅርታ መጠየቅ ትፈልጋለች፤ ግን ፊቷን ማየት አፍራለች። ሙስሊሟ እህታችን ደግሞ «እመጣለሁ» ብላ አልተናገረችም። «የዕቁብ ደብተሩ ደህና ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ ይህን እንደ መልካም ምልክት ወስጄዋለሁ።

በሚመጣው እሁድ ቡናው የእኔ ተራ ነው። አንድ ስኒ ለእሷ እቀዳለሁ፤ ብትመጣም ባትመጣም። ሥዕሉን የሰቀልነው በትልቅ ሚስማር ስለሆነ መዶሻና መሰላል የምታገኝ ይዛ ትምጣ።